የጆድ ቤተሰብን ከመሬቱ የነቀለው ድርቁ ብቻ አልነበረም

ስለ «ዘ ግሬፕስ ኦፍ ራዝ» ስለተባለው የአሜሪካ ልብ ወለድ ወሬ ሲነሳ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት አቧራ ነው። ድርቅ ገባ፣ አፈሩ በነፋስ ተነሳ፣ ቀኑ ጨለመ፤ ከዚያ የኦክላሆማ ገበሬ ጓዙን በአሮጌ መኪና ጭኖ ወደ ካሊፎርኒያ ተሰደደ። በቅርብ ዓመታት የአየር ንብረት ለውጥ ስለሚያፈናቅላቸው ሰዎች ሲጻፍም ይህ የጆን ስታይንቤክ ልብ ወለድ እንደ ቀዳሚ ምስክር ይጠቀሳል።

መጽሐፉ ግን እንደዚያ አይልም። አቧራው ምዕራፍ 1 ላይ አለ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ዳር ይወጣል። የመጽሐፉን ባለታሪኮች፣ ጆዶችን፣ ከቤታቸው የሚያስወጣቸው ትራክተር ነው። ትራክተሩን ያመጣው የመሬቱ ባለቤት ነው። ባለቤቱን ደግሞ ባንክ በብድር ይዞታል። ልብ ወለዱ የአየር ጠባይ ታሪክ ከሚሆን ይልቅ የውል፣ የብድር፣ የድጎማና የማስታወቂያ ታሪክ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሰማዩን ብቻ ተጠያቂ ካደረግን ውሉን የጻፈው ሰው ነፃ ይወጣል። (ዓመታቱ፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ላላነበባችሁት ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ቶም ጆድ ሰው ገድሎ ታስሮ ነበር፤ በአመክሮ ተፈትቶ ቤቱ ሲደርስ ቤቱ ባዶ ነው። ቤተሰቡን አጎቱ ዘንድ ያገኛቸዋል። ፈረስና ጋሪውን፣ የእርሻ ዕቃውን ሁሉ በ18 ዶላር ሸጠው፣ ሰባኪነቱን ከተወው ከጂም ኬሲ ጋር 13 ሆነው በአንድ አሮጌ ሀድሰን መኪና ይሳፈራሉ። መንገዳቸው በ1926 የተሰየመው ሩት 66 ነው። አያትየው ገና ኦክላሆማ ሳሉ ይሞታሉ። አያቲቱ በረሃውን ሲያቋርጡ ይሞታሉ፤ እናትየው መንገድ ላይ ያለው ፍተሻ እስኪያልፍ ድረስ ሬሳው አጠገብ ተኝታ ለማንም አልተናገረችም። ካሊፎርኒያ ሲደርሱ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነባቸው።

አሁን ወደ ካርታው እንሂድ። የጆዶች አገር ሳሊሶ ነው። ሳሊሶ በምሥራቅ ኦክላሆማ፣ ከአርካንሳው ድንበር አጠገብ ያለች ከተማ ናት። በታሪክ የሚታወቀው የአቧራ ማዕበል የመታው ግን በአብዛኛው የኦክላሆማንና የቴክሳስን ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ ምዕራብ ካንሳስን፣ የኮሎራዶና የኒው ሜክሲኮን አዋሳኝ ነው። ጥቁር እሑድ የሚባለው ሚያዝያ 14 ቀን 1935 የተነሳው ማዕበል ያንን አካባቢ ነው ያጨለመው። (መጽሐፉ የወጣው ልክ በአራተኛ ዓመቱ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1939 መሆኑ ግጥምጥሞሽ ነው።) ምሥራቁ የጥጥ አገር ነበር። ድርቅ እዚያም ነበር። ወደ ካሊፎርኒያ የሄደው የኦክላሆማ ገበሬ በብዛት የተነሳው ግን ከማዕበሉ መሃል ሳይሆን ከዚህ ከጥጡ አገር ነው።

እዚያ ምን ሆነ? ከኦክላሆማ ገበሬ ከግማሽ በላዩ የሚያርሰው የሰው መሬት ነበር። በእኛ አገር የድሮ አነጋገር ጭሰኛ ነው፤ እኩል ወይም ሲሶ የሚያካፍል። በ1929 አንድ ፓውንድ ጥጥ 17 ሳንቲም ገደማ ያወጣ ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከ7 ሳንቲም በታች ወረደ። መሬቱ ደግሞ ጥጥ በጥጥ ላይ ሲዘራበት ኖሮ ደክሟል። በ1933 የፍራንክሊን ሩዝቬልት መንግሥት የግብርና ማስተካከያ ሕግ የሚባለውን አወጣ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ምርት ሲያንስ ዋጋ ይወጣል፣ ስለዚህ ላለመዝራት ክፍያ ይሰጥ። በዚያው ዓመት 10 ሚሊዮን ኤከር ገደማ የበቀለ ጥጥ ተገልብጦ ታረሰ፤ 6 ሚሊዮን አሳማ ታረደ።

ገንዘቡ ማን እጅ ገባ የሚለው ነው ዋናው ጥያቄ። ውሉን የሚፈርመው ባለመሬቱ ነው። ለጭሰኛው ድርሻውን መስጠት ነበረበት፤ ብዙዎቹ ግን ለራሳቸው አስቀሩት። ከዚያም ብሶ፣ መሬቱ ካልተዘራ ጭሰኛው ለምን ይቀመጣል ተባለ። በመንግሥት ገንዘብ ትራክተር የገዛም ነበር። አንድ ትራክተር ከደርዘን ያላነሱ ቤተሰቦችን ሥራ ጠቅልሎ ይሠራል። በ1934 በአርካንሳው ጥቁርና ነጭ ጭሰኞች አብረው የደቡብ ጭሰኞች ማኅበርን አቋቋሙ፤ ለዚያ ዘመን ትልቅ ድፍረት ነው። በየካቲት 1935 ግብርና ሚኒስቴር ውስጥ ያሉ ጥቂት የሕግ ባለሙያዎች ውሉን «ባለመሬቱ ጭሰኛውን ማፈናቀል አይችልም» ብለው ተረጎሙት። ወዲያው ከሥራ ተባረሩ። ሚኒስቴሩ ወገኑን መርጦ ነበር።

ይህ ታሪክ ለኛ ባዕድ አይደለም። በፈረንጆቹ 1967 በስዊድን እርዳታ በአርሲ፣ ጭላሎ አውራጃ የተጀመረው የግብርና ልማት ፕሮጀክት፣ ካዱ የሚባለው፣ ያሰበው ለትንሹ ገበሬ ነበር። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያው ግን እርሻን ትርፋማ ሲያደርገው ባለርስቱ ዓይኑን ገለጠ። ትራክተርና ነዳጅ ከቀረጥ ነፃ ይገባ ስለነበር ጭሰኛውን አስነስቶ ራሱ ማሳረስ ተሻለው። «መሬት ላራሹ» የሚለው ሰልፍ በእኛ አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. ሲወጣ የጭላሎው ፕሮጀክት ገና አልተጀመረም ነበር፤ ጥያቄው ግን በየዓመቱ አዲስ ማስረጃ እያገኘ ሄደ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ከጀርባው የአርሲ ትራክተሮችም ነበሩበት። በጎ ታስቦ የወጣ ገንዘብ መሬቱ በማን ስም እንደሆነ ካልጠየቀ ማንን እንደሚጠቅም ከኦክላሆማም ከአርሲም ማየት ይቻላል።

ስታይንቤክ ይህን ሁሉ በሪፖርት ቋንቋ አልጻፈውም። ምዕራፍ 5 ላይ አንድ ስም የለሽ ጭሰኛ ቤቱን ሊያፈርስ ከመጣው ባለትራክተር ጋር ያወራል። ባለትራክተሩ የጎረቤት ልጅ ነው፤ በቀን 3 ዶላር ይከፈለዋል፤ እሱም የሚያበላቸው ልጆች አሉት። ጭሰኛው ጠመንጃ አለኝ ይላል። ልጁም እኔን ብትገድል ነገ ሌላ ይመጣል ይለዋል። ታዲያ ማንን ልምታ? ትዕዛዙን የሰጠውን? እሱም ከባንክ ታዞ ነው። የባንኩን ኃላፊ? እሱም ከምሥራቅ በኩል ታዞ ነው። ጥያቄው ወደላይ ይወጣና ጠፍቶ ይቀራል። ለእኔ የመጽሐፉ ልብ እዚህ ነው። ክፋቱ አንድ ክፉ ሰው ላይ አይላከክም። ሁሉም የታዘዘውን ይሠራል፤ ቤቱ ግን ይፈርሳል።

የመጽሐፉ አሠራርም ይህንኑ ያግዛል። ከ30ዎቹ ምዕራፎች ግማሽ ያህሉ ስለ ጆዶች አይደሉም። ስለ አሮጌ መኪና ነጋዴ፣ ስለ መንገድ ዳር ካፌ፣ ስለ ጥጥ ለቀማ፣ ስለሚበሰብስ ፍሬ የተጻፉ አጫጭር ምዕራፎች ናቸው። ምዕራፍ 7 ላይ ነጋዴው የካምቢዮውን ጩኸት ለመደበቅ ሰጋቱራ ይጨምርበታል። ያገለገለ መኪና ገዝቶ የሚያውቅ ሰው እያነበበ ይስቃል፣ ከዚያ ሳቁን ይውጣል። በጆን ፎርድ ዳይሬክተርነት በ1940 የወጣው ፊልም ግን እነዚህን ምዕራፎች አብዛኛውን ጥሏቸዋል። ቅደም ተከተሉንም ቀይሮ ጆዶች የሚያርፉበትን፣ መንግሥት ለተፈናቃዮች ያቋቋመውን ንጹሕ ካምፕ ወደ መጨረሻ ወስዶታል። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ፊልሙን ነው። ተስፋ ያለው ፍጻሜ ከዚያ የመጣ ነው፤ መጽሐፉ እንደዚያ አያልቅም።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለውን ነገር ለመረዳት አንዲት በራሪ ወረቀት ትበቃለች። ጆዶች ወረቀቷን ይዘዋል፤ 800 ለቃሚ ይፈለጋል፣ ደመወዝ ጥሩ ነው ትላለች። መንገድ ላይ ያገኙት፣ ከዚያ የሚመለስ አንድ ቡትቶ የለበሰ ሰው ሒሳቡን ይነግራቸዋል። ሰውየው የሚፈልገው 800 ነው። የሚያትመው 5,000 ወረቀት ነው። የሚያየው ምናልባት 20,000 ሰው ነው። ከዚያ ሁለት ሦስት ሺህው ተነስቶ ይመጣል። ይህ ሰው ልጆቹ በረሃብ ሞተውበታል፤ የሚሰማው ግን የለም። ሁሉም መንገዱን ይቀጥላል፤ ምን ያድርግ፣ ቤቱ ፈርሷል።

እዚህ ላይ ወረቀቱ ውሸት አለመሆኑን ልብ በሉ። 800 ሰው በእርግጥ ይፈለጋል። ተንኮሉ ያለው ከተፈላጊው ሦስት እጥፍ ሰው በአንድ ቀን አንድ በር ላይ እንዲቆም ማድረጉ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት የቀን ሠራተኛ የሚቆምበትን የከተማችንን አደባባይ ያየ ሰው ይገባዋል። አንድ ፒክአፕ ሲቆም ሃያ ሰው ይሮጣል፤ ዋጋውን የሚያወርደው ባለመኪናው አይደለም፣ ከኋላ ያለው የተራበው ሰው ነው። በመጽሐፉ የሁፐር እርሻ ላይ ጆዶች አንድ ሣጥን ኮክ በ5 ሳንቲም ይለቅማሉ። ፖሊስ በሞተር ብስክሌት አጅቦ ነው ያስገባቸው፤ ለምን እንደሆነ አልገባቸውም። በር ላይ የሚጮኸው ሰው አድማ የመታው ነው። እነዚያ 5 ሳንቲም ተብለው መጥተው ሲደርሱ 2 ሳንቲም ተኩል ተባሉ። አድማው ሲሰበር ለጆዶችም 2 ሳንቲም ተኩል ይሆናል። ቤተሰቡ ሁሉ ለቅሞ ያገኘው የመጀመሪያ ቀን አንድ ዶላር እርሻው ውስጥ ባለው ሱቅ አንድ ራት ሆኖ ያልቃል። ሱቁ ውድ ነው። ከተማ ሄዶ በርካሽ መግዛት ይቻላል፤ የቤንዚኑን ማን ይችለዋል?

ስታይንቤክ ይህን ከወንበሩ ተነስቶ ያየው ነው። የተወለደው በ1902 እዚያው ካሊፎርኒያ፣ ሳሊናስ ውስጥ ነው። በ1936 ለሳን ፍራንሲስኮ ኒውስ ጋዜጣ ስለ ተፈናቃዮቹ ሰባት ተከታታይ ጽሑፎች ጻፈ። የአርቪን መንግሥታዊ ካምፕ ኃላፊ ቶም ኮሊንስ አብሮት ይዞር ነበር፤ ማስታወሻውንም ሰጥቶታል። የመጽሐፉ መታሰቢያ ላይ ያለው ቶም እሱ ነው። በ1938 መጀመሪያ ቪሴሊያ አጠገብ ጎርፍ ድንኳኖቹን ሲያጥለቀልቅ ሁለቱም እዚያ ነበሩ። የመጽሐፉ የመጨረሻ ምዕራፎች ዝናብ ከዚያ የመጣ ነው።

ግዛቱ ለተፈናቃዮቹ ያዘጋጀው አቀባበልም ልብ ወለድ አያስፈልገውም። በየካቲት 1936 የሎስ አንጀለስ ፖሊስ አዛዥ 136 ፖሊሶች ወደ ግዛቱ ድንበር ላከ፤ ገንዘብ የሌለው እንዳይገባ። የሎስ አንጀለስ ከተማ ፖሊስ የአሪዞና ድንበር ላይ ምን ይሠራል የሚል ጥያቄ ቢነሳም ለሳምንታት ቆዩ። ችግረኛ ሰው ወደ ግዛቱ ማምጣት ወንጀል የሚያደርግ ሕግም ነበር። ፍሬድ ኤድዋርድስ የሚባል ሰው የሚስቱን ወንድም ከቴክሳስ ስላመጣ ተከሰሰ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በኅዳር 1941 ሕጉ ተሻረ። ድሃ መሆን ከአንድ ግዛት ወደ ሌላ ከመዛወር እንደማያግድ የተረጋገጠው ያኔ ነው።

መጽሐፉ እንደወጣ በብዛት ተሸጠ፣ በ1940 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። ጆዶች ሄደው የሚያርፉበት የከርን አውራጃ አስተዳደር ግን በነሐሴ 1939 ከትምህርት ቤቶችና ከቤተ መጻሕፍት አገደው። የአውራጃው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ግሬቸን ኒፍ በጽሑፍ ተቃወመች፤ እገዳው ግን እስከ 1941 ቆየ። ትልልቆቹ ባለእርሻዎች ውሸት ነው አሉ። የፕሬዚዳንቱ ሚስት ኤሊኖር ሩዝቬልት ካምፖቹን በ1940 አይታ ስትመለስ መጽሐፉ አላጋነነም አለች።

ይህ ሲባል መጽሐፉ ጎዶሎ የለውም ማለት አይደለም። ከጆዶች በፊት የካሊፎርኒያን ፍሬ ይለቅም የነበረው ሜክሲኳዊው፣ ፊሊፒናዊው፣ ጃፓናዊው ነበር። በ1930ዎቹ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሜክሲኳውያን ወደ ሜክሲኮ ተሸኝተዋል፤ ብዙዎቹ እዚያው አሜሪካ የተወለዱ ዜጎች ነበሩ። ጆዶች የገቡበት ክፍት ቦታ በከፊል በዚህ የተፈጠረ ነው። መጽሐፉ ግን ጉዳዩን እንደ ዋዛ ያልፈዋል። በ1936ቱ ጽሑፎቹ ስታይንቤክ አዲሶቹ መጤዎች ነጭ አሜሪካውያን ስለሆኑ የድሮውን አያያዝ አይቀበሉም ብሎ ይከራከራል። ክርክሩ አንባቢ ለማንቃት ሠርቷል፤ ለሌላው ግን በር ዘግቷል። ደቡብ ውስጥ በጥጡ ሕግ ክፉኛ የተመታው ጥቁር ጭሰኛም በታሪኩ የለም። ሳሊሶም የቼሮኪ ኢንዲያኖች ምድር ነበረች፤ ኦክላሆማ ግዛት የሆነችው በ1907 ነው። የጭሰኞቹ አያት መሬቱን ኢንዲያኖችን ገድለው እንደያዙት መጽሐፉ ራሱ ያነሳል፣ ግን አይቆምበትም። መፈናቀልን በእንዲህ ያለ ኃይል የጻፈ ደራሲ ከዚያ በፊት ስለተፈናቀለው ሁለት ገጽ ቢጽፍ ምን ነበረበት?

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር መጽሐፉን ይበልጥ ያስረዳል። ጆዶችን ያዳናቸው የሠራተኛ ማኅበር አይደለም፤ ጦርነት ነው። ከ1941 በኋላ የመርከብና የአውሮፕላን ፋብሪካዎች ሰው ፈለጉ፤ የኦክላሆማ ሰውም ከጥጥ ማሳ ወጣ። ባለእርሻው ቦታውን ባዶ አልተወም። በ1942 ከሜክሲኮ ጋር የብራሴሮ ስምምነት ተፈረመ፣ እስከ 1964 ቆየ። በውል የመጣ፣ ሲያበቃ የሚመለስ ሠራተኛ።

ሕጉም አብሮ ይታይ። በ1935 የወጣው ሠራተኛ እንዲደራጅ የሚፈቅደው የፌዴራል ሕግ የእርሻ ሠራተኛን አላካተተም። የ1938ቱ የዝቅተኛ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ሕግም አገለለው። ዝቅተኛ ደመወዙ በትልልቅ እርሻ ላይ ላለው ሠራተኛ የመጣው በ1966 ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ በፌዴራል ደረጃ ዛሬም የለውም። ካሊፎርኒያ በራሷ ሕግ አስተካክላለች፤ ለዚያ ግን በ1965 በዴላኖ የተጀመረው የወይን ለቃሚዎች አድማ አስፈልጓል። አድማውን የጀመሩት በላሪ ኢትሊዮንግ የሚመሩ ፊሊፒናውያን ናቸው፤ ሴዛር ቻቬዝና ዶሎረስ ሁዌርታ ከሜክሲኳውያኑ ጋር ተቀላቀሏቸው። አምስት ዓመት ፈጀ። ዴላኖ ያለችው ያንን መጽሐፍ ባገደው በከርን አውራጃ ነው።

ዛሬስ? በ1935 አሜሪካ ውስጥ 6.8 ሚሊዮን እርሻ ነበር፤ በ2022 ቆጠራ 1.9 ሚሊዮን ቀርቷል። የሚለቅመው ሰው በብዛት ከሜክሲኮ የመጣ ነው፤ ከሰብል ሠራተኛው 40 በመቶ ገደማ የመኖሪያ ወረቀት የለውም። ኤች-2ኤ በሚባለው ጊዜያዊ የእርሻ ቪዛ የተፈቀደው የሥራ ቦታ በ2005 48,000 ገደማ ነበር፤ በ2022 ከ370,000 በላይ ሆኗል። ይህ ቪዛ አንዳንድ ነገር አሻሽሏል። ቤት አሠሪው ያቀርባል፣ የመጓጓዣውን ወጪ ይሸፍናል፣ ከመነሻው የተወሰነ የደመወዝ ወለል አለው። በራሪ ወረቀቱ ሕጋዊ ሆነ ማለት ይቻላል፤ 800 ሲፈለግ 800 ነው የሚመጣው።

ግን ወረቀቱ ሰውየውን ከአንድ አሠሪ ጋር ያስረዋል። ጆዶች ከሁፐር እርሻ በሌሊት ወጥተው ጥጥ ለቀማ ሄደዋል። የኤች-2ኤ ሠራተኛ እንደዚያ ወደ ፈለገበት ቢሄድ ሕጋዊ ቆይታውን ሊያጣ ይችላል። ብዙዎቹ አገራቸው ሳሉ ለደላላ ከፍለው፣ ተበድረው ነው የሚመጡት። ለሠራተኛው ማስከፈል ክልክል ነው፤ ይከፈላል። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች እህቱን የላከ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም፤ ከፋላ የሚባለው አሠራርም መኖሪያ ፈቃድን ከአሠሪ ጋር ያስራል። በ1941 ፍርድ ቤቱ የመዘዋወር መብቱን ያረጋገጠለት የኤድዋርድስ ዘመድ ዜጋ ነበር። የዛሬው ለቃሚ ዜጋ ስላልሆነ ጥያቄው ከአዲስ ይጀምራል።

የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት በ2019 እና በ2021 የእርሻ ሠራተኛ ማሻሻያ የሚል ረቂቅ ሕግ አሳልፎ ነበር። ወረቀት የሌለው የእርሻ ሠራተኛ ሕጋዊ እንዲሆን ይፈቅዳል። ቋሚ መኖሪያ ለማግኘት ግን በእርሻ ላይ ተጨማሪ አራት ዓመት፣ ልምዱ አጭር ከሆነ ደግሞ ስምንት ዓመት መሥራት ነበረበት። ባለእርሻዎችም የሠራተኛ ማኅበራትም የደገፉት እዚህ ነጥብ ላይ ተስማምተው ነው፤ አንዱ ሰው እንዳይሄድበት፣ ሌላው ሰው እንዳይባረርበት። ሁለቱንም ጊዜ ሴኔት ውስጥ ቀረ።